በ«ከት» የሄደ በ«ኮፒ» አይመለስም!

የዛሬው ወጋችን ስለ ፍቅር ወይም ስለ ትዳር አይደለም፤ ስለ ፎልደር ነው። «ደግሞ ፎልደር ምን ወግ አለው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ድሮ ፎቶ በአልበም፣ ደብዳቤ በሻንጣ፣ ካሴት በካርቶን ሆኖ አልጋ ሥር ይቀመጥ ነበር። ዛሬ የሠርጉም፣ የልደቱም፣ የምረቃውም፣ የለቅሶውም ፎቶና ቪዲዮ ተጠራርቶ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ገብቷል። ፍቅሩም ትዳሩም እዚያው ነው ያለው ማለት ነው።

ያ ኮምፒውተር ታዲያ አንድ ቀን «ሞላሁ» ይላል። ሲ ድራይቭ ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር ቀይ ትሆናለች። ያኔ ዕቃ ማጓጓዝ ይመጣል። ከሲ ወደ ዲ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ከዲስክ ወደ ፍላሽ። ነገሩ ቤት እንደመቀየር ነው። የሚገርመው ግን፣ ቤት ስንቀይር እያንዳንዷን ብርጭቆ በጋዜጣ የምንጠቀልል ሰዎች፣ የ10 ዓመት ትዝታ ስናጓጉዝ ሁለት ቁልፍ ተጭነን ማኪያቶ ልንጠጣ እንወጣለን።

እኔ የኮምፒውተር ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ በቀጥታ ወደ ብዕሩ ነው የገባሁት። የሠፈሬ ልጆች ግን «አንቺ ጋዜጣ ላይ ትጽፊ የለ? እንግዲህ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ» እያሉ የተበላሸውን ሁሉ ይዘውልኝ ይመጣሉ። እንዲህ እንዲያ ሲባል ነካክቼ፣ ባለሙያ ጠይቄ፣ አንብቤ የያዝኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ታሪክ ስሙ።

የእማዬ ድምፅ

አንድ የ24 ዓመት ወጣት አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሠፈሩንም እንዲሁ። እናቱ በሕመም ነው ያረፈችው። ልጁ በመጨረሻዎቹ ወራት በስልኩ ይቀዳት ነበር። ስትመርቅ፣ ስለ ልጅነቷ ስትተርክ፣ ቡና እያፈላች ጎረቤት ስታማ ሳይቀር ይዟታል። ታላቅ እህቱ ኩዌት ናት፤ ለሥራ ሄዳ እናቷን አልቀበረችም። ሰልስቱን በቪዲዮ፣ አርባውን በቪዲዮ ነው ያለቀሰችው። «ያን የእማዬን ቅጂ ስመጣ እቀበልሃለሁ፤ አደራህን» ብላዋለች።

ቅጂው ከቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ ጋር ተደምሮ 140 ጊጋ ሆኖ ዲ ድራይቭ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ቦታ የለም። እህቱ ልትመጣ ወር ሲቀራት ኤክስተርናል ዲስክ ገዛ። ዲ ድራይቩም ሞልቶበት ስለነበር አንድ ድንጋይ ወርውሮ ሁለት ወፍ ሊመታ አሰበ፤ ቅጂው ወደ ዲስኩ ይሄዳል፣ ለፊልምም ቦታ ይለቀቃል። ፎልደሩን ያዘና ከት፣ ፔስት! ኮምፒውተሩ «1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጃል» አለው። እሱም ኳስ ሊያይ ወጣ።

ከእረፍት በፊት መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ነው፤ ዩፒኤስ የለውም።

መብራት ሲመጣ ዲ ድራይቭ ላይ ፎልደሩ ግማሽ ሆኖ ጠበቀው። የሄደው ግማሽ አዲሱ ዲስክ ላይ መሆን አለበት። ዲስኩን ሲከፍተው ግን ኮምፒውተሩ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት» የሚል መልእክት አወጣለት። ልጁ ተደናግጧል፤ «እሺ» የሚለውን ተጫነ። ዲስኩ ጸድቶ ተከፈተ። ይባስ ብሎ የቀረውን ግማሽ በዚያው በጸዳው ዲስክ ላይ ጫነበት።

በነጋታው ባለሙያ ጋ ወሰደው። ባለሙያው ሲያስረዳው፣ ተራው ፈጣን ፎርማት ማውጫውን እንጂ ዕቃውን ወዲያው አያጠፋም። ፎርማቱ ላይ ቢቆም ኖሮ ብዙው ይመለስ ነበር። የቀረውን ሲጭንበት ግን አዲሱ መረጃ በአሮጌው ላይ እየተጻፈ አስተኛው። ከብዙ ቀን ድካም በኋላ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ወጣ፤ ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ፎልደር የለው፣ ቁጥር ብቻ። ከእናቱ ድምፅ የተገኘው ግን 40 ሴኮንድ ነው። «ና ብላ፣ ቀዘቀዘብህ እኮ» የምትለው።

እህቱ በስልክ ምን አለችው መሰላችሁ? «ወንድሜ፣ ብር አምጣ አላልኩህም። ወርቅ አምጣ አላልኩህም። የእማዬን ድምፅ ነው ያልኩህ።» ከዚያ በኋላ ለአራት ወር አልተነጋገሩም። ኋላ አክስታቸው መሀል ገብተው አስታርቀዋቸዋል። ያቺ 40 ሴኮንድ ዛሬ አራት ቦታ ተቀምጣለች።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሰነፍም አይደለም። ያደረገው ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገውን ነው። እንግዲህ ነገሩን እንፈትሸው።

«ከት» ስንል ምን እየሆነ ነው?

ብዙ ሰው ፎልደር ሲንቀሳቀስ ሣጥን ተሸክሞ ከክፍል ወደ ክፍል እንደመሄድ ይመስለዋል። አይደለም። ሁለት ዓይነት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ በዚያው በአንድ ድራይቭ ውስጥ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ማዛወር ነው። እዚህ ላይ ዕቃው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የሚቀየረው አድራሻው ብቻ ነው፤ የቤት ቁጥር ቀይሮ እንደመለጠፍ ማለት ነው። ለዚህ ነው 140 ጊጋ እንኳን በቅጽበት «ሄደ» የሚባለው።

ሁለተኛው ከድራይቭ ወደ ድራይቭ ነው። እዚህ ማጓጓዝ የሚባል ነገር የለም። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፋይል አዲሱ ቦታ ላይ ይገለብጣል፣ ከዚያ የድሮውን ይሰርዛል። «ከት» ማለት እንግዲህ ግልበጣና ስረዛ አንድ ላይ ነው። በመሀል መብራት ቢሄድ፣ ገመዱ ቢነቀል፣ ኮምፒውተሩ ቢደርቅ፣ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ፣ አንዱ ፋይል ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ በ«ከት» የሄደ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። ዲሊት ያደረጋችሁትን ከቅርጫቱ ታወጡታላችሁ፤ በ«ከት» ሲሄድ የተሰረዘውን ግን ቅርጫቱ አያውቀውም። ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ ለፍጥነት ሲል የተወሰነውን መረጃ ለጊዜው ማስታወሻው ላይ ይዞ «ጻፍኩ» ሊል ይችላል፤ እውነቱ ግን ገና ዲስኩ ላይ አለመጻፉ ነው። በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ «ጻፍኩ» ያለው ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። ከድራይቭ ወደ ድራይቭ ሲሆን ከት አታድርጉ፤ ኮፒ አድርጉ፣ አመሳክሩ፣ ከዚያ አጥፉ። ኮፒ እያደረጋችሁ መብራት ቢሄድ ቀልድ ነው፤ የተገለበጠውን ደምስሳችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። ዋናው ቦታው ላይ ነውና።

በማውስ ለምትጎትቱም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ላይ በዚያው ድራይቭ ውስጥ ከጎተታችሁ ያዛውራል፤ ወደ ሌላ ድራይቭ ከጎተታችሁ ኮፒ ያደርጋል። ሺፍት ይዛችሁ ከጎተታችሁ በግድ ያዛውራል፣ ኮንትሮል ይዛችሁ ከሆነ በግድ ኮፒ ያደርጋል። ይሄ ሁሉ ከተምታታባችሁ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ጎትቱ፤ ስትለቁት «ኮፒ ላድርግ ወይስ ላዛውር?» ብሎ እሱ ራሱ ይጠይቃችኋል። ጨዋ ነው።

ጉዞው ከመጀመሩ በፊት

ቦታውን ለኩ። 1 ቴራ ዲስክ ገዝተው ኮምፒውተሩ «931 ጊጋ» ሲላቸው ከሻጩ ጋር አንገት ለአንገት የሚያያዙ ሰዎች አይቻለሁ። ሻጩ አልሰረቃችሁም። ፋብሪካው በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 ይቆጥራል። ያው አንድ ዕቃ በሁለት ሚዛን መመዘኑ ነው። እናንተ ግን ሂሳባችሁን በ931ዱ ሥሩ።

የዲስኩን ዓይነት እወቁ። ፍላሹ 50 ጊጋ ባዶ ቦታ አለው፣ የሠርጉ ቪዲዮ 7 ጊጋ ነው፣ ግን «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። ምክንያቱ ፍላሹ ፋት 32 በሚባል አሠራር መዘጋጀቱ ነው። ፋት 32 አንድን ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፤ ባዶ ቦታው የቱንም ያህል ቢሆን። መፍትሔው ፍላሹን ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ማዘጋጀት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ለዚህ ፎርማት ሲደረግ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ባዶ አድርጉት።

የውሸት ፍላሽ ተጠንቀቁ። «2 ቴራ ፍላሽ በርካሽ» ሲሏችሁ ጆሯችሁ ይቁም። ውስጡ 32 ወይም 64 ጊጋ ብቻ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩ «እኔ 2 ቴራ ነኝ» ብሎ የሚዋሽ ዕቃ በየአገሩ ገበያ አለ። ስትጭኑበት እሺ ይላል፤ ስሙን ያሳያችኋል፤ ስትከፍቱት ግን የለም። ሲሞላ የፊተኛውን በኋለኛው ላይ ይጽፋል ወይም ዝም ብሎ ይጥላል። በነጻ የሚገኙ መመርመሪያዎች አሉ፤ ለዊንዶውስ ኤችቱ ቴስት ደብሊው፣ ለሊኑክስ ደግሞ ኤፍ ስሪ የሚባሉ። ፍላሹን እስከ አፉ ሞልተው፣ መልሰው አንብበው እውነቱን ያወጡታል። ትዝታችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሞክሩት።

ስሙን አሳጥሩ። ፎልደር በፎልደር ውስጥ፣ እሱም በሌላ ውስጥ፣ ስሙ ደግሞ እንደ ሠርግ ጥሪ የረዘመ ከሆነ ዊንዶውስ ይሰናከላል። የተለመደው ወሰን ከድራይቩ ፊደል እስከ ፋይሉ ስም መጨረሻ 260 ሆሄ ነው። «የእኔና የእሷ የላንጋኖ ጉዞ የመጨረሻው የተስተካከለው» የሚለውን «ላንጋኖ» በሉት፤ ፍቅሩ አይቀንስም።

መብራቱን አስቡ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ቻርጀሩም ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑር፤ ከሌለ ጭነቱን ከፋፍሉት። 140 ጊጋን በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን በሰባት ጊዜ 20፣ 20 አድርጉት። ዲስኩን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ እየሠራ እያለ ከወደቀ የማንበቢያው ራስ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። ያኔ የሚፈለገው ሶፍትዌር ሳይሆን ገንዘብ ነው።

ለምን ይዘገያል?

«ዲስኩ አዲስ ነው፣ ታዲያ ለምን ይንቀራፈፋል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። መጀመሪያ የሰካችሁበትን ቀዳዳ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2 በወረቀት ላይ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ቢባልም በተግባር የሚሰጠው በሴኮንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3 ከዚያ እጅግ ይፈጥናል፤ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ያለችው ምላስ ሰማያዊ በመሆኗ ይታወቃል። የዚያ ልጅ 140 ጊጋ በዩኤስቢ 2 ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዲስኩ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ከሆነ በዩኤስቢ 3 ግን ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። መብራት የሚሄድበትን ዕድል በዚያው ልክ አሳጠራችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የፋይሉ ብዛት ነው። አንድ የ10 ጊጋ ፊልም በአንድ ሩጫ ይገባል። 10 ጊጋ የሚሆኑ 50 ሺህ ጥቃቅን ፋይሎች ግን እያንዳንዳቸው በር ላይ ይመዘገባሉ፤ ስም፣ ቀን፣ ቦታ። ጤፍን በፍሬ እየቆጠሩ እንደመጫን ነው። ጤፉን በጆንያ እንደማድረግ፣ ጥቃቅኑን መጀመሪያ በዚፕ አንድ ላይ እሰሩት። ፎቶና ቪዲዮ ድሮውንም የታመቀ ስለሆነ በዚፕ ብዙ አይቀንስም፤ ጥቅሙ አንድ ጭነት መሆኑ ነው።

ማመሳከር፦ ሁሉም የሚዘለው ደረጃ

ኮፒው አለቀ። አሁን ዲሊት? ቆይ! አትቸኩሉ።

የድሮውን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ በሉት፤ የፋይሉን ብዛትና መጠኑን ወረቀት ላይ ጻፉት። አዲሱንም እንዲሁ። 8,412 ፋይል ከነበረ 8,412 መሆን አለበት፤ 8,411 ከሆነ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ቀጥላችሁ ከፊት፣ ከመሀል፣ ከመጨረሻ እየመረጣችሁ ክፈቱ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ግፉት፤ መጀመሪያው ደህና ሆኖ መጨረሻው ጥቁር የሚሆን አለና።

በእጅ መቁጠር ካሰለቻችሁ ቴራኮፒ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከገለበጠ በኋላ ሁለቱን መልሶ አንብቦ ያነጻጽራል። ዊንዶውስ ራሱም ከቪስታ ጀምሮ ሮቦኮፒ የሚባል በትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ ውስጡ አለው። ጥሩነቱ፣ ጉዞው ቢቋረጥ እንደገና ስታስጀምሩት የደረሰውን አልፎ የቀረውን መጫኑ ነው። ትእዛዙን የሚያውቅ ሰው ያሳያችሁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ «ሚረር» የሚባለውን አማራጭ ሳታውቁ አትንኩት። እሱ መድረሻውን ልክ እንደ መነሻው ያደርጋል፤ መድረሻው ላይ ቀድሞ የነበረና መነሻው ላይ የሌለ ነገር ካለ ይደመስሰዋል።

ሁሉም ከተመሳከረ በኋላም ቢሆን ለአንድ ሳምንት የድሮውን አታጥፉ። ዲስኩን ነቅላችሁ፣ እንደገና ሰክታችሁ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩት። ስትነቅሉም «ኢጀክት» ብላችሁ ይሁን። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማሻሻያ ሳያስፈቅዱ መንቀልን ቀለል አድርጎታል፤ ቢሆንም እየጻፈ ያለን ዲስክ የሚነቅል ሰው ከሚሄድ ታክሲ እንደሚዘል ነው።

ጠፋ ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት

አንዳንዱ የጠፋ የሚመስል ነገር ጠፍቶ አይደለም። ፍላሻችሁን የፊልም መጫኛ ሱቅ ሰክታችሁ ስትመለሱ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ከተገኘ ቫይረስ ነው። ዋናው ፎልደር ብዙ ጊዜ ተደብቆ እዚያው አለ። ሾርትከቱን አትክፈቱ፤ ፎርማትም አታድርጉ፤ የተደበቀውን የሚገልጥ ሰው ጋ ውሰዱት።

በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ሰነድ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አዛውራችሁ ስትከፍቱት የማይነበብ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። አልተበላሸም። ፊደሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ስላልተጫነ ነው። ጽሑፉን «ተበላሸ» ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ፕሮግራምን ግን እንደ ፎልደር አታጓጉዙ። ፕሮግራም ፋይልስና ዊንዶውስ የሚሉትን ፎልደሮች ከሲ አንስቶ ዲ ላይ መጣል ኮምፒውተሩን ያደነዝዘዋል። ፕሮግራም የሚዛወረው ነቅሎ እንደገና በመጫን ነው። ሲ የሞላባችሁ ከሆነ ዶክመንትስን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን ብላችሁ ወደ ዲ እንዲሄድ ማዘዝ ትችላላችሁ፤ እዚህም ቢሆን መጀመሪያ ኮፒ ይኑራችሁ።

በእርግጥ ከጠፋ ደግሞ እጃችሁን አንሱ። ምንም አትጫኑበት፣ ምንም አታውርዱበት። በሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ የመመለስ ተስፋ አለው። በኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የሚባል አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው ቀጭን ነው።

ይሄ ነገር ደግሞ ሌላ ፊት አለው። እንዲጠፋ የምትፈልጉትም በዲሊት ብቻ አይጠፋም ማለት ነው! ዕቃችሁን ወደ አዲስ ዲስክ አዛውራችሁ የድሮውን ኮምፒውተር ልትሸጡ ከሆነ፣ በተለይ እናንተ እህቶቼ፣ የግል ፎቶ የነበረበትን ዲስክ በፈጣን ፎርማት ብቻ አትልቀቁት። ሙሉውን የሚጽፍበት ፎርማት አድርጉ፤ ወይም ዲስኩን አውጥታችሁ ቤት አስቀሩት።

ፎልደሩን ሳታዩ አትጫኑ

ላይ ላዩን የሚያስቅ አንድ ነገር ልጨምር። በቅርብ የማውቀው የ28 ዓመት ሙሽራ ለሠርጉ የሚሆን የፎቶ ትዕይንት እጮኛው እንድታዘጋጅ ብሎ «ሁሉንም ምረጥ» አድርጎ ፎቶውን በሙሉ ዲስኳ ላይ ጫነላት። «ልዩ ልዩ» የሚል ፎልደር ውስጥ የድሮ ፍቅረኛው፣ በሐይቅ ዳር፣ ከ300 በላይ ፎቶ! እጮኛዋ ምንም አልጮኸችም። ከፍታ አሳየችውና «ይሄን ሐይቅ እኔን መቼ ነው የምትወስደኝ?» አለችው። ጉዳዩ ሽማግሌ ድረስ ደርሶ ሠርጉ በአንድ ወር ተገፋ። እንግዲህ ቤት ስትቀይሩ ሣጥኑን ከፍታችሁ እንደምታዩት፣ ፎልደሩንም ከመጫናችሁ በፊት ክፈቱት። የሚጣለው ይጣል፣ የሚያዘው ይያዝ። ጭነቱም ይቀልላል፣ ትዳሩም።

ትላልቆቹም አይቀርላቸውም

«ይሄ የኛ የድሃ ኮምፒውተር ጣጣ ነው» እንዳትሉ። ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን የካርቱን ፊልም የምታውቁት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፊልሙ ፒክሳር ውስጥ እየተሠራ ሳለ አንድ ሰው በስህተት የሰጠው የማጥፊያ ትእዛዝ የፊልሙን ፎልደሮች ይበላቸው ጀመር። የስቱዲዮው ሰዎች ኋላ እንደተናገሩት ከፊልሙ 90 በመቶ ያህሉ ጠፋ። መጠባበቂያው ሲከፈት ደግሞ በትክክል ሲሠራ አልነበረም፤ ማንም አላመሳከረውም ነበርና።

ፊልሙን ያዳነችው ማን ናት? በቅርብ የወለደች አንዲት የቴክኒክ ኃላፊ። ሕፃኗን እያሳደገች ከቤቷ ትሠራ ስለነበር የፊልሙ ቅጂ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በመኪና ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እንደ ሕፃን ተጠንቅቀው አመጡት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። ያን ሁሉ ባለሙያና ያን ሁሉ ማሽን የያዘ ስቱዲዮ የዳነው በሌላ ቤት በነበረች አንዲት ቅጂ ነው።

ባለሙያዎች ለዚህ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚሉት ሕግ አላቸው። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ ይቀመጥ። ወደኛ ኑሮ ስናመጣው፣ አንዱ ኮምፒውተራችሁ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ አክስታችሁ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ባለ ፍላሽ ላይ። ሌባ ቢገባ፣ ውሃ ቢገባ፣ ዲስክ ቢወድቅ ሦስቱም በአንድ ቀን አይሄዱም። ሁሉንም ለማድረግ አቅም ከሌላችሁ ሁሉንም አታድርጉ። ፊልሙ ይቅር፤ ፊልም ከሱቅ ይገኛል። ከሱቅ የማይገኘውን ለዩ። ብዙ ጊዜ ያ ከ10 ጊጋ አይበልጥም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ማታ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱና አንድ ጥያቄ ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፦ አንድ ቦታ ብቻ ያለ፣ ቢጠፋ የማይተካ ነገር አለኝ ወይ? ካለ ኮፒ አድርጉት። ከት ሳይሆን ኮፒ። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ድምፃቸውን ቅዱ፤ «ና ብላ» ሲሉም ቢሆን። ከዚያም ሁለት ቦታ አስቀምጡት።